ቡሎኑ ስንት ይጥበቅ? የመኪናውን ሞተር በራሱ እጅ መንካት ለሚፈልግ

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ከውጭ ማስገባትን ክፉኛ አስወደደ። በጥር 2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተነገረ። ኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት አቅሙ ያልደረሰ ሰው ያለችውን ቪትዝ ወይም ኮሮላ አጥብቆ መያዝ ግድ ሆኖበታል። መኪናዋ ባረጀች ቁጥር የጋራዥ ምልልሱ ይበዛል። «ይህችንማ እኔው ብሠራት» የሚል ሐሳብ ብቅ የሚለው ያኔ ነው።

ሐሳቡ ጥሩ ነው። ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው)፣ ዘይትና ፊልትሮ፣ የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ራስ) ክዳን ጋስኬት (ዘይት እንዳይፈስ የሚዘጋው) መቀየር ትዕግሥት ያለው ሰው በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት የሚጨርሳቸው ሥራዎች ናቸው። ስለነዚህ ሥራዎች የሚወራው ግን በአብዛኛው ስለ መፍታት ነው፤ ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው ሲታሰር ነው። ቴስታታው አሉሚኒየም፣ ካንዴላው ብረት ነው። አንዴ ያለ ልክ ከጠበቀ የአሉሚኒየሙ ጥርስ፣ ማለትም ካንዴላው የሚዞርበት ጠመዝማዛ፣ ይበላል፤ በጥቂት መቶ ብር ያልቅ የነበረው ሥራ ቴስታታ ወደ ማውረድ ይሄዳል።

እዚህ በምሳሌነት የምንይዘው የቶዮታን 1ኤንዚ-ኤፍኢ ሞተር ነው። 1,497 ሲሲ የሚይዝ ባለ አራት ሲሊንደር ሲሆን በቪትዝ፣ በያሪስ፣ በፕላትዝ፣ በፕሮቦክስና በአንዳንድ ኮሮላዎች ላይ ይገኛል። ባለ 1.3 ሊትሩ 2ኤንዚ-ኤፍኢ ወንድሙ ነው። ባለ 1,000 ሲሲዋ የመጀመሪያዋ ቪትዝ ግን 1ኤስዚ-ኤፍኢ የተባለ ሌላ ሞተር ስላላት ቁጥሮቹን እንዳሉ አይውሰዱላት።

«አጥብቀው» ሲባል ምን ማለት ነው?

ቡሎን ሲታሰር ይለጠጣል። በዓይን አይታይም እንጂ እንደ ላስቲክ ጥቂት ይሳባል፤ ሁለቱን ብረቶች አጣብቆ የሚይዛቸውም ወደ ነበረበት ለመመለስ የሚያደርገው ጉተታ ነው። ካነሰ መኪናው ሲንቀጠቀጥ ቀስ በቀስ ይላላል። ከበዛ ላስቲክነቱን ያጣል፤ ተስቦ ይቀራል፣ ወይም ይበጠሳል፣ ወይም የገባበትን ጥርስ ይዞ ይወጣል።

የማጥበቂያው ጉልበት፣ ማለትም ቶርክ፣ የሚለካው በኒውተን ሜትር ነው። ነገሩን በጀሪካን እንየው። 20 ሳንቲሜትር ርዝመት ያለው ቁልፍ ቡሎን ላይ አግድም ተሰክቶ፣ ጫፉ ላይ 5 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን ቢንጠለጠል ቡሎኑ ላይ የሚያርፈው 10 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። የቴስታታ ክዳን ቡሎኖች የሚፈልጉት ይህችኑ ብቻ ነው። በዚያው ቁልፍ ላይ 20 ሊትር የያዘ ጀሪካን ቢንጠለጠል 39 ይሆናል፤ የዘይት ማፍሰሻው ቡሎን 38 ይፈልጋል። ባለ 20 ሊትሩን ወደ 50 ሳንቲሜትር እጀታ ጫፍ ብንወስደው 98 ይደርሳል፤ የጎማ ዳዶዎች 103 ይፈልጋሉ።

አሁን ጎረምሳ ልጅ ባለ 20 ሳንቲሜትሩን ቁልፍ በሙሉ ክንዱ ሲስበው ያስቡት። 40 ኪሎ መሳብ አያቅተውም፤ ይህ 80 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፣ ለክዳኑ ቡሎን ከሚበቃው ስምንት እጥፍ። «እጄ ያውቀዋል» የሚለው አነጋገር ለዓመታት በሥራው ላይ ለቆየ መካኒክ ይሠራ ይሆናል። በዓመት ሁለት ጊዜ ኮፈን ለሚከፍት ሰው አይሠራም።

ከምናሳርፈው ጉልበት ዘጠና በመቶ ያህሉ ፍትጊያን በማሸነፍ ያልቃል፤ ቡሎኑን የሚለጥጠው የቀረው አሥር በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ጥርሱ ላይ ዘይት ወይም ቅባት ከተደረገ ፍትጊያው ይቀንስና በዚያው ቁጥር ቡሎኑ ከሚገባው በላይ ይሳባል። መመሪያው «ዘይት ቀብተህ እሰር» ካላለ ጥርሱ ንጹሕና ደረቅ ይሁን።

በመለኪያው ስም አይሳሳቱ። የቆዩ የጃፓን መመሪያዎች በኪሎግራም ሴንቲሜትር ይጽፋሉ፤ ለአሥር ሲካፈል ወደ ኒውተን ሜትር ይቀርባል፣ 180 የተባለው 18 ነው። አሜሪካ የታተሙት በፉት ፓውንድ ናቸው፤ አንዱ 1.36 ኒውተን ሜትር ነው። መጽሐፉ 38 ኒውተን ሜትር ያለውን 38 ፉት ፓውንድ ብሎ ያሰረ ሰው 52 አሳርፏል ማለት ነው።

ቶርክ ሬንች ምን ይሠራል?

የተፈለገው ልክ ላይ ሲደረስ የሚነግር ቁልፍ ነው። በብዛት የሚገኘው «ቀጭ» የሚለው ዓይነት ነው፤ እጀታውን አዙረው ቁጥሩን ይሞላሉ፣ ቀስ ብለው ይስባሉ፣ ቀጭ ሲል ያቆማሉ። ራሱ አያቆምም። ቀጭ ካለ በኋላ መሳብዎን ከቀጠሉ ማጥበቁን ይቀጥላል። «ለማረጋገጥ» ተብሎ ሦስቴ አራቴ ቀጭ ማስባልም ያው ተጨማሪ ማጥበቅ ነው።

አንድ ቶርክ ሬንች ለሁሉም አይበቃም። ከ20 እስከ 200 የሚለካው ለጎማ ዳዶና ለማፍሰሻው ቡሎን ነው፤ በታችኛው ጫፉ አካባቢ ልኩ አይታመንም። ለካንዴላ፣ ለኮይል (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው) እና ለክዳን ቡሎን ከ5 እስከ 25 የሚለካ ትንሽዬ ያስፈልጋል። አንዱን ብቻ መግዛት የሚችል ሰው ትንሿን ይግዛ እንላለን፤ ውድ ጥርስ የሚበላው እነዚህ ትንንሾቹ ላይ ነውና። መሣሪያውን ቡሎን ለመፍታት አይጠቀሙበት፤ ሥራ ሲያልቅ ቁጥሩን ወደ ታችኛው መስመር መልሰው ያስቀምጡት። ውስጡ ያለው ስፕሪንግ እንደተጨነቀ ከከረመ ልኩን ይስታል።

ሌላስ ምን ልግዛ?

ለቶዮታ ሙሉ የቡሶላ (በቡሎኑ ራስ ላይ የሚሰካው ቁልፍ) ሣጥን አያስፈልግም። 8፣ 10፣ 12፣ 14፣ 17፣ 19 እና 21 ቢኖሩ አብዛኛውን ሥራ ይሸፍናሉ፤ 10 ቁጥር ሁለት ቢሆን ይመረጣል፣ ምክንያቱም የምትጠፋው ሁልጊዜ እሷ ናት። ቡሶላ ሲገዙ ውስጡን ይዩ። ስድስት ማዕዘን ያለው የቡሎኑን ጎን ሙሉ በሙሉ ይይዛል፤ አሥራ ሁለት ማዕዘን ያለው ጠርዙ ላይ ስለሚያርፍ የዛገ ቡሎን ያሟልጫል።

መስቀል ካቻቢቴም ዓይነት አለው። የጃፓን መኪና ብሎኖች በጃፓን ደረጃ የተቆረጡ ናቸው። የተለመደው ፊሊፕስ ጫፉ ጠለቅ ብሎ አይገጥምላቸውም፤ ሲጫኑት እየዘለለ የብሎኑን ራስ ይበላል። በጃፓን ደረጃ የተሠራ አንድ ካቻቢቴ ብዙ ብስጭት ያስቀራል።

ለካንዴላ ውስጡ ጎማ ወይም ማግኔት ያለው ባለ 16 ቡሶላና ጉድጓዱን አልፎ የሚደርስ ማርዘሚያ ይያዙ። አሜሪካ ያሉ አንባቢዎች እንደ አውቶዞን ያሉ የመለዋወጫ መደብሮች ብዙ መሣሪያ በመያዣ ገንዘብ እንደሚያውሱ፣ ሲመለስም ገንዘቡን ሙሉ እንደሚሰጡ ይወቁ።

አንድ ነገር ግን ምርጫ የለውም። መኪና ሥር የሚገባ ሰው ካቫሌቶ፣ ማለትም የብረት መደገፊያ፣ ሊኖረው ይገባል። ክሪክ ለማንሳት እንጂ ለመደገፍ አልተሠራም፤ ውስጡ ያለችው የጎማ ማኅተም ካፈሰሰች በአፍታ ይወርዳል። ድንጋይና ብሎኬት ሳይታሰብ ይሰነጠቃሉ። ካቫሌቶ ከሌለ መኪና ሥር አይገባም፣ አለቀ።

ካንዴላ እንዴት ይቀየራል? የት ላይ ይበላሻል?

ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ ይጀመር፤ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሰዓት። አሉሚኒየም ሲግል ከብረት ይልቅ ይሰፋል፤ በጋለበት የተፈታ ካንዴላ ጥርሱን ገምሶ ሊወጣ ይችላል፣ በጋለበት የታሰረም ሲበርድ ልኩ ይዛባል።

እያንዳንዱ ካንዴላ ላይ የራሱ ኮይል ተቀምጧል። መጀመሪያ የኮይሉ ሶኬት ይነቀላል። የፕላስቲክ ምላሷ በዓመታት ሙቀት ደርቃ ስለምትሰበር፣ እየጫኑ ሶኬቱን መጀመሪያ ትንሽ ወደ ውስጥ ገፋ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ሳብ ያድርጉት። ቀጥሎ በ10 ቁጥር ቡሎኑን ይፍቱ፤ ኮይሉን ግራና ቀኝ እያዞሩ ይሳቡት።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘላት እርምጃ መጣች። ካንዴላውን ከመፍታትዎ በፊት ጉድጓዱን ያጽዱ። እዚያ ውስጥ አቧራና አሸዋ ተጠራቅሟል፤ ካንዴላው ሲወጣ ያ ሁሉ ሲሊንደር ውስጥ ይወድቃል፣ የሲሊንደሩን ግድግዳና የፒስተኑን ፋሻም (ቀለበቱንም) ይፍቃል። ኮምፕሬሰር ከሌለ የብስክሌት ጎማ መንፊያ ይበቃል፤ ዓይንዎን በመነጽር ይከልሉ።

የወጡትን ካንዴላዎች በሲሊንደር ቅደም ተከተላቸው ደርድሩና ጫፋቸውን አንብቡ። ግራጫ ወይም ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን እንደበዛ ይናገራል፤ መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን ይዩ። ጫፉ ድረስ በዘይት የራሰ ከሆነ ዘይት ወደ ማቃጠያው ክፍል እየገባ ነው፤ ፋሻ ወይም የቫልቭ ጎማ ሊሆን ይችላል። ዘይቱ ያለው ከላይ በኩል ብቻ ከሆነ ግን ጣጣው ቀላል ነው፤ ከታች እንመጣበታለን። ነጭ ሆኖ የቋጠረ ጫፍ የሚያሳየው ከልክ ያለፈ ሙቀትን ነው።

አዲሱ ከመግባቱ በፊት ክፍተቱን ይለኩ፤ ለዚህ ሞተር ከ1.0 እስከ 1.1 ሚሊሜትር ነው። የኢሪዲየም ካንዴላ ጫፍ ቀጭን ስለሆነ በሳንቲም መሰል መለኪያ እንዳይጫኑት። ሶማሌ ተራም ይሁን ሌላ ቦታ ሲገዙ ከታዋቂ ስሞች ጋር ተመሳስሎ የተሠራ እንዳለ አይርሱ፤ የወጣውን አሮጌ ካንዴላ ይዘው ይሂዱና የጥርሱን ርዝመትና የጽሑፉን ጥራት ጎን ለጎን ያነጻጽሩ። ጥርሱ የረዘመ ካንዴላ ፒስተን ሊነካ ይችላል።

ሲያስገቡ ራቼቱን (የቡሶላውን እጀታ) አውልቀው ማርዘሚያውን በጣት ጫፍ ብቻ ያዙሩ። በመጀመሪያ ወደ መፍቻው አቅጣጫ ቀስ ብለው ያዙሩት፤ ጥርሱ ከጥርስ ጋር ሲገናኝ ትንሽ «ጠብ» ይላል፣ ያኔ ወደ ማሰሪያው ያዙሩ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች እምቢ ካለ ጠማማ ገብቷልና ያውጡት። ጉልበት የሚጨምር ሰው ጥርስ የሚበላው እዚህች ቦታ ላይ ነው።

በጣት እስከ መጨረሻው ከገባ በኋላ በቶርክ ሬንች 18 ኒውተን ሜትር ይታሰራል፤ ሌሎች የቶዮታ ሞተሮች እስከ 25 ይፈልጋሉና የራስዎን መመሪያ ይዩ። ቶርክ ሬንች ጨርሶ ከሌለ ባለ ሮንዴላ (ሥሩ ላይ የብረት ቀለበት ያለው) አዲስ ካንዴላ በጣት ከተቀመጠ በኋላ ግማሽ ዙር ይጨመርለታል፤ ሮንዴላው የሚጨፈለቀው በዚያ ነው። ቀድሞ ታስሮ የነበረ ካንዴላ ሲመለስ ግን ሮንዴላው ስለተጨፈለቀ የሚበቃው የዙር አሥራ ሁለተኛ ያህል ነው፣ በሰዓት ገጽ ላይ የአንድ ሰዓት እርምጃ። ጥርሱ ላይ ቅባት አያድርጉ፤ የዛሬ ካንዴላዎች ከፋብሪካ ዝገት መከላከያ ተለብጠው ነው የሚመጡት። የኮይሉ ቡሎን 9 ኒውተን ሜትር ነው።

የካንዴላው ጉድጓድ ዘይት ቢሞላስ?

ይህ በአሮጌ ቪትዝ የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜም «ሞተሯ አልቋል» ተብሎ ሰው ይደነግጣል። ጉድጓዶቹ በቴስታታው ክዳን መሐል ነው የሚያልፉት፤ ክዳኑ ዙሪያውን ጋስኬት፣ ጉድጓዶቹ ደግሞ የራሳቸው መዝጊያ ጎማ አላቸው። ጎማው በሙቀት ሲደርቅ ዘይት ይሰርጋል፣ የኮይሉን ጎማ ያበላሻል፣ ሞተሩም ይንቀጠቀጣል። ጋስኬቱን ሲገዙ የጉድጓዶቹ ጎማዎች አብረው መኖራቸውን ይጠይቁ፤ የውጭውን ብቻ የቀየረ ሰው ሥራውን ይደግማል።

ካንዴላዎቹን ከማውጣትዎ በፊት ዘይቱን በጨርቅ ወይም በሲሪንጅ ይምጠጡ። ክዳኑ ሲነሳ የሚገጥምባቸውን ገጾች በፕላስቲክ መፋቂያ ያጽዱ፤ ቢላዋ አሉሚኒየም ይቧጭራል፣ ጭረቷም አዲስ ማፍሰሻ ትሆናለች። የሰንሰለቱ ሽፋን ከቴስታታው ጋር የሚጋጠምባቸው ሁለት ነጥቦች ላይ ጥቂት የሞተር ሲሊኮን ጠብ ያድርጉና ሳይደርቅ፣ በሦስት ደቂቃ ውስጥ፣ ክዳኑን ያስቀምጡ። ዙሪያውን በሙሉ ሲሊኮን መለቅለቅ ልማድ ሆኗል፤ ትርፉ ወደ ውስጥ ተቆርሶ የዘይት መምጠጫውን ወንፊት ይደፍናል።

ቡሎኖቹን ሁሉ መጀመሪያ በጣት፣ ከዚያ ከመሐል ወደ ዳር እያፈራረቁ፣ በሁለት ሦስት ዙር ወደ 10 ኒውተን ሜትር ያድርሷቸው። አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ክዳኑን ያጣምመዋል፤ የምጣድ አክንባሎ በአንድ ወገን ብቻ ሲጫኑት በሌላው ወገን እንደሚነሳው ማለት ነው።

ዘይት መቀየርም ስህተት አለው?

አለው፤ ሦስት ይበዛሉ። አንደኛው የማርሹን ዘይት ማፍሰስ ነው። በዚህ ሞተር ቺንጋዎቹ ያሉበት ወገን ሞተሩ ነው፣ ተቃራኒው ወገን ማርሹ፤ የሚወጣው ዘይት ቀላ ያለ ከሆነ ወዲያው ይዝጉት። ሁለተኛው የአሮጌው ፊልትሮ ጎማ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ መቅረት ነው። አዲሱ በላዩ ከታሰረ ሁለት ጎማ ይደራረባል፤ ሞተሩ ሲነሳ ዘይቱ ተረጭቶ ያልቃል። ፊልትሮው እንደወረደ ጎማው አብሮ መውጣቱን በዓይንዎ ይዩ። ሦስተኛው ፊልትሮውን በመሣሪያ ማጥበቅ ነው። የአዲሱን ጎማ በንጹሕ ዘይት ያርሱት፣ ገጹን እስኪነካ በእጅ ያዙሩት፣ ከዚያ ሦስት ሩብ ዙር ብቻ ይጨምሩ።

የማፍሰሻው ቡሎን 14 ቁጥር ነው፤ በየጊዜው አዲስ ሮንዴላ ያድርጉለትና በ38 ኒውተን ሜትር ይሰሩት። ሞተሩ ፊልትሮውን ጨምሮ 3.7 ሊትር ይወስዳል። መጀመሪያ 3.4 ያህል ሞልተው ሞተሩን አስነሥተው ያጥፉ፣ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁና በመለኪያው ዘንግ ላይ በሁለቱ ምልክቶች መካከል እስኪደርስ ይጨምሩ። ከላይኛው ምልክት ማለፍ ጥጋብ አይደለም፤ ዘይቱ አረፋ ይሠራል። የተቃጠለውን ዘይት ቱቦ ውስጥ አይድፉት፤ ጋራዦች ይሰበስቡታል።

የሞተር መብራት ሲበራ የቱን ልቀይር?

የመኪናዋ ኮምፒውተር የመዘገበውን የጥፋት ኮድ ሳያነቡ ምንም አይቀይሩ። ስልክ ላይ በብሉቱዝ የሚያነቡ ትንንሽ መሣሪያዎች በቂ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ ለጃፓን ገበያ ብቻ የተሠሩ አንዳንድ መኪናዎች ግን ከእነሱ ጋር አይግባቡም።

ፒ0302 የሚል ኮድ ሁለተኛው ሲሊንደር በትክክል እያቃጠለ አይደለም ማለት ነው፤ ሲሊንደር የሚቆጠረው ከቺንጋው ወገን ጀምሮ ነው። ካንዴላ ይሁን ኮይል ኮዱ አይናገርም። ነገር ግን ነፃ ፈተና አለ። የሁለተኛውን ኮይል ከሦስተኛው ጋር ያቀያይሩ፣ ኮዱን ይሰርዙ፣ ጥቂት ይንዱ። ኮዱ ፒ0303 ሆኖ ከተመለሰ ጥፋቱ ከኮይሉ ጋር ተዛውሯል፤ አንድ ኮይል ይግዙ። በ0302 ላይ ከቆየ ካንዴላዎቹን በዚያው መንገድ ያቀያይሩ። አሁንም ካልተንቀሳቀሰ ጥፋቱ የቤንዚን መርጫው፣ ገመዱ ወይም ኮምፕሬሽኑ (ሲሊንደሩ አየሩን አፍኖ የሚይዝበት ጉልበት) ነው። አራት ኮይል በአንዴ አስገዝቶ «እንሞክረው» የሚባለውን ይህች የግማሽ ሰዓት ሥራ ታስቀራለች።

የት ላይ ልቁም?

ቴስታታ ሲወርድ። ሞተሩ ግሎ ውሃ የሚበላ ከሆነ የቴስታታው ጋስኬት ሳይቃጠል አልቀረም፤ ብዙ ሰው ጋስኬቱን ብቻ ቀይሮ ይመልሳል፣ ከወር በኋላም ያው ይደገማል። ምክንያቱ ቴስታታው ራሱ መጣመሙ ነው። ለዚህ ሞተር የሚፈቀደው ጥመት 0.05 ሚሊሜትር ነው፤ ከፀጉር ይቀጥናል። በዓይን ቀርቶ በጣትም አይታወቅም፤ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ተጋድሞበት ከሥሩ በስስ የብረት ቅጠል መለኪያ ይፈተሻል።

ቡሎኖቹም እንደሌሎቹ በቁጥር ብቻ አይታሰሩም። በተወሰነላቸው ቅደም ተከተል መጀመሪያ 29 ኒውተን ሜትር፣ ከዚያ 90 ዲግሪ፣ ከዚያ እንደገና 90 ዲግሪ ይዞራሉ። በማዕዘን የሚታሰሩት የፍትጊያው መለያየት ልኩን እንዳያዛባው ነው፤ ቡሎኑ በትክክል ስንት እንደተሳበ የሚታወቀው በዞረው መጠን ነውና። ተለጥጠው የቀሩ ቡሎኖች ስለሚኖሩ እያንዳንዱ ተለክቶ ነው የሚመለሰው።

ይህን ሥራ ለመካኒክ ሲሰጡ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ጥመቱ ስንት ተለካ? ቡሎኖቹ ተለኩ ወይስ አዲስ ተገዙ? የሚታሰሩትስ በማዕዘን ነው ወይስ «እስኪጠብቅ»?